በአይናችሁ ካያችኋቸው ፒቸሮች ማን ይበልጣል? የቲቪ አይቆጠርም

ዝናብ_ላይ_የቀረ፦

ሰላም ሰዎች። እዚህ ቤት ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ብቻ ነው የሚወራው፣ ዛሬ እኔ ቤዝቦል ይዤ መጥቻለሁ፣ የማይመቻችሁ እለፉት እንጂ አትሳደቡ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ስታድየም ገብታችሁ በገዛ አይናችሁ ካያችኋቸው ፒቸሮች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት) ማን በለጠባችሁ? የቲቪ አልቆጥርም። ቲቪ ላይ ካሜራው ከፒቸሩ ጀርባ ስለሚቆም ሁሉም ኳስ ቀላል ይመስላል፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ "ይቺንማ እኔም እመታት ነበር" የማይል የለም። ስታድየም ውስጥ ግን ኳሷ ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የሚቀበላት) ጓንት ውስጥ ስትገባ ጧ! የምትለዋን ድምፅ ስትሰሙ ያኔ ነው ሰውየው ምን እየሰራ እንደሆነ የሚገባችሁ።

እኔ ልጀምር። 2009 ጁን 4፣ ሐሙስ፣ ዲሲ ናሽናልስ ፓርክ። አሜሪካ ከገባሁ ሁለት አመት አልሞላኝም፣ ስለ ቤዝቦል የማውቀው መቺው ላይ ሶስት ስትራይክ (ሞክሮ የሳታት ወይም ሊመታት ሲገባ ያሳለፋት ኳስ) ከሆነ ሰውየው ይወጣል የምትለዋን ብቻ ነው። እሮብ ማታ ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በዝናብ ተሰርዞ ወደ ሐሙስ ዞረ፣ ሐሙስም ሰማዩ እንደዛው ነው፣ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ "በዚህ ዝናብ ማን ይቀመጣል" ብሎ ትኬቱን ሰጠኝ። ነፃ ነገር እምቢ ብዬ ስለማላውቅ ገባሁ። ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ወንበሩ ሁሉ ውሃ አቁሯል፣ ጃኬቴን አንጥፌ ቁጭ አልኩ።

ከዛ ያ ሰውዬ ብቅ አለ። ረጅም ነው ስላችሁ እንደምታውቁት ረጅም እንዳይመስላችሁ፣ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ነው፣ የሚቆምበት ማውንድ ደግሞ 25 ሳንቲ ከፍ ያለ ነው። በግራ እጁ ነው የሚወረውረው፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ሲለቃት ኳሷ ከመሀል ሳይሆን ከፈርስት ቤዝ በኩል የመጣች ነው የምትመስለው። እድሜው 45! በስታድየሙ እስክሪን ላይ ሳነበው ተሳስተው የፃፉት መስሎኝ ነበር።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ወረቀቱን ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ እጁንም ፌስታሉ ውስጥ ከቶ ይፅፋል። "ምን እያየህ እንደሆነ ታውቃለህ?" አለኝ። "ቤዝቦል" አልኩት። በጣም ሳቀ። ራንዲ ጆንሰን እንደሚባል፣ ዛሬ ካሸነፈ 300ኛ ድሉ እንደሚሆን፣ ከሱ በፊት እዛ የደረሱት 23 ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ነገረኝ። እኔ አሁንም አልገባኝም፣ 300 ጨዋታ ማሸነፍ ምን ያስገርማል ብዬ ነው የማስበው፣ ቲሙ በአመት 162 ጨዋታ ይጫወት የለ እንዴ። ለካ አንድ ስታርተር (ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር) በየአምስት ቀኑ ነው የሚወጣው፣ ድሉ እንዲመዘገብለትም ቢያንስ 5 ኢኒንግ (ጨዋታው በ9 ኢኒንግ ነው የሚከፈለው) ወርውሮ ቲሙ እየመራ መውጣት አለበት፣ ከወጣ በኋላም የተረከቡት ሰዎች ያንን መሪነት አንዴም ማስነካት የለባቸውም። ማለት በአመት 15 ቢያሸንፍ እንኳ 20 አመት ይፈጅበታል።

ራንዲ ለእንግዳው ቲም 6 ኢኒንግ ወረወረ፣ የተመታበት ሁለት ሂት ብቻ ነው፣ 2 ለ 1 እየመሩ ወጣ። የኔ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። 8ኛው ኢኒንግ ላይ የኛ ቲም ሶስቱንም ቤዝ (ሯጮቹ የሚቆሙበትን ቦታ) ሞላ፣ ሁለት አውት፣ መቺው ደግሞ አዳም ደን ነው፣ ግንድ የሚያክል ሰውዬ፣ ሆምራን (ከአጥሩ ውጪ የምትወጣዋን) የሚመታ። ሶስት ቦል (ከልክ ቦታ ውጪ የሄደች ኳስ) ሁለት ስትራይክ። አንድ ቦል ከተጨመረ በነፃ ይሄዳል፣ 2 ለ 2 ይሆናል፣ የራንዲም 300 ለዛ ቀን ቀረ ማለት ነው። ሰውየው ያን ሁሉ አመት ወርውሮ አሁን ዳግአውት ውስጥ እጁን አጣጥፎ የሌላ ሰው ኳስ ይጠብቃል። በዛ ሰአት የሚወረውርላቸው ብራያን ዊልሰን ዝቅ አድርጎ ጉልበት ጋ ለቀቃት፣ ደን ቆሞ አያት፣ አምፓየሩ ስትራይክ ብሎ ጮኸ! እኔ የዲሲ ደጋፊ ነኝ ብዬ የገባሁት ሰውዬ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፣ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። 5 ለ 1 አለቀ።

ከዛ ወዲህ 300 የደረሰ አንድም ፒቸር የለም። ኋላ ሳነብ ደግሞ ራንዲ በ1988 የጀመረው ሞንትሪያል ነው፣ ያ የሞንትሪያል ቲም ነው በ2005 ወደ ዲሲ መጥቶ ናሽናልስ የሆነው። ማለት 300ኛውን የያዘው ያሳደገውን ቤት አሸንፎ ነው።

በሉ እናንተስ?


ሚኪ_ዲሲ፦

ወንድሜ አንተ ያየኸው ሽማግሌ ነው፣ እኔ ያየሁት እሳት ነው። ልክ ካንተ አመት በኋላ፣ ጁን 8 2010፣ እዛው ስታድየም። ስቲቨን ስትራስበርግ የመጀመሪያ ጨዋታው። 21 አመቱ ነው። ከፒትስበርግ ጋር፣ እነሱ ያን ጊዜ ደካማ ቲም ነበሩ እሱን አልክድም፣ ግን ያን ማታ የአለም ምርጥ ቲምም ቢመጣ ያው ነበር። ከ40 ሺህ ሰው በላይ፣ ከስራ በቀጥታ የመጣ ከራባት ያደረገ ሰው ሁሉ እንደ ህፃን እየጮኸ። 7 ኢኒንግ፣ 14 ስትራይክአውት (በሶስት ስትራይክ የወጣ)፣ አንድም ዎክ (በአራት ቦል በነፃ የሄደ) የለም፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ሰዎች በተከታታይ ነው ጠራርጎ ያስወጣቸው። ፋስትቦሉ በሰአት 100 ማይል ይነካል፣ እሺ በሉ፣ ከዛ ከርቭቦሉን ሲለቃት መቺዎቹ ጉልበታቸው እጥፍ ሲል በአይኔ አይቻለሁ፣ ኳሷ ትመታኛለች ብለው ሸሽተው መሀል ላይ ስትራይክ ትሆናለች። ሁለት ስትራይክ በሆነ ቁጥር ስታድየሙ ሁሉ ይቆማል፣ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ቀረ።

ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በዛው አመት ክርኑ ተቀዶ ቶሚ ጆን ተሰራለት (ጅማት ከሌላ ቦታ ወስደው ክርን ላይ ሲተክሉት ነው፣ በ1974 መጀመሪያ በተሰራለት ፒቸር ስም ነው የሚጠራው)። በ2012 ቲሙ ዲሲ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ (የአመቱ መጨረሻ የዋንጫው ዙር) ሊገባ ሲል "እጁ እንዳይበላሽ" ተብሎ ሴፕቴምበር ላይ አስቀመጡት፣ ያን ጊዜ የተጣላሁት ሰው እስካሁን ሰላም አይለኝም። 2019 ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍፃሜ) ኤምቪፒ፣ ማለት ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ከዛ 7 አመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ከዛ ወዲህ የጀመረው ጨዋታ 8 ብቻ። እጁ በቃ አለቀ።

ሰው "ታላቅ አልነበረም" ሲለኝ ያበሳጨኛል። የኔ ትኬት ለአንድ ማታ ነው፣ ለዛ ማታ ከሱ የሚበልጥ አልነበረም።


ሲያትል_ዝናብ_ብርቁ_አይደለም፦

@ዝናብ_ላይ_የቀረ አረ አንተ ሰው! ራንዲን በ45 አመቱ አይተህ ነው እንዲህ የሆንከው? እኔ በ32 አመቱ አይቼዋለሁ!! ኪንግዶም የሚባለው የኮንክሪት ጣራ ያለው ስታድየም ውስጥ፣ 2000 ላይ በፈንጂ አፈረሱት እንጂ። አጎቴ እዛ ፅዳት ይሰራ ነበር፣ እኔ 12 አመቴ፣ ኦክቶበር 2 1995 የሲያትል ቲም ከካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ጋር እኩል ስለጨረሱ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ተደረገ፣ ያሸነፈ ፕሌይኦፍ ይገባል የተሸነፈ ቤቱ ይሄዳል። ራንዲ ብቻውን 9 ኢኒንግ ጨረሰው፣ 12 ስትራይክአውት፣ 9 ለ 1። የመጨረሻው ሰው ስትራይክ ቆሞ ሲያይ ራንዲ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲዞር ያንን ያየ ልጅ ሌላ ስፖርት ይወዳል ብለህ ነው? ድምፁ ጣራው ስለነበረ መውጫ አጥቶ ይዞራል፣ ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ። በዛው ሳምንት ያንኪስን ሲያሸንፉ ደግሞ አምስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ቀን ብቻ አርፎ ከቡልፔን (ፒቸሮች ከሚያሟሙቁበት ቦታ) መጣ፣ እሱን ግን በቲቪ ነው ያየሁት ስለዚህ በህግህ አይቆጠርም እሺ።

ግን የኔ መልስ ራንዲ አይደለም፣ ፌሊክስ ኸርናንዴዝ ነው፣ እኛ ንጉሡ ነው የምንለው። ምክንያቱም ራንዲ ሄደ፣ ሁሉም ሄዱ፣ ፌሊክስ ግን በ2005 በ19 አመቱ መጥቶ እስከ 2019 እኛ ጋ ኖረ፣ አንድም ቀን ፕሌይኦፍ ሳይወረውር። ይሄን ሰው ለማየት ከ20 ጊዜ በላይ ገብቻለሁ፣ ግማሹን 8 ኢኒንግ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ቲሙ ዜሮ መትቶለት ሲሸነፍ ነው ያየሁት። በ2010 ሳይ ያንግ (የአመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ሲሸለም ሪከርዱ 13 ለ 12 ነበር! ማለት ያሸነፈውና የተሸነፈው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ግን በየ9 ኢኒንጉ የሚሰጠው 2.27 ነጥብ ብቻ ነው። ከዛ ወዲህ ነው ሰው "የፒቸር ድል" የምትባለዋን ቁጥር መጠራጠር የጀመረው፣ ስለዚህ @ዝናብ 300ህን አከብራለሁ ግን እንዲህ አታምልካት።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። 2012። ኤፕሪል 21 ቅዳሜ ነው፣ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር፣ ገባሁ። ፊሊፕ ሃምበር የሚባል ሰውዬ ወጣ፣ ከዛ በፊት በሊጉ አንድም ጨዋታ ብቻውን ጨርሶ የማያውቅ። 27 ሰው ገባ 27 ሰው ወጣ፣ ፐርፌክት ጌም፣ በኛ ላይ፣ በኛ ቤት። የመጨረሻዋን ኳስ ካቸሩ ሁሉ ስቷታል፣ መቺያችን ከአምፓየሩ ጋር ሲከራከር ካቸሩ ሮጦ አንስቶ ፈርስት ቤዝ ወረወራት አለቀ። እሺ። ከአራት ወር በኋላ ኦገስት 15፣ እሮብ፣ ቀን ላይ፣ ፌሊክስ ይወረውራል፣ ትኬት አለኝ፣ ፈረቃ ቀይርልኝ ያልኩት ሰው መጨረሻ ሰአት ላይ አልችልም አለኝ። ስራ ሄድኩ። እዛው ስታድየም ፌሊክስ ቴምፓ ላይ ፐርፌክት ጌም ወረወረ፣ 12 ስትራይክአውት 1 ለ 0። እኔ ያን ጊዜ ካርቶን እየጫንኩ ነው። ማለት በአንድ አመት በአንድ ስታድየም ሁለት ፐርፌክት ጌም ተወርውሮ እኔ ያየሁት የማላውቀውን ሰው ነው። ከዛ በኋላ እስከ 2023 ድረስ ማንም አልደገመውም፣ 11 አመት ሙሉ በየቀኑ አስታወሱኝ።

ትኬቷ እስካሁን ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ሚስቴ ጣላት ትለኛለች።


ዝናብ_ላይ_የቀረ፦

ሃሃሃ አትጣላት በናትህ። ፈረቃ ያልቀየረልህን ሰውዬ ግን አሁንም ሰላም ትለዋለህ?


ሲያትል_ዝናብ_ብርቁ_አይደለም፦

ሰርጌ ላይ አልጠራሁትም።


የድሮ_ሰው_አትላንታ፦

ልጆች እንደምን አላችሁ። ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ አትላንታ የገባሁት ከኦሎምፒኩ በፊት ነው። በ1996 ኃይሌ አስር ሺውን ሲያሸንፍ ስታድየሙ ውስጥ ነበርኩ፣ ባንዲራ ይዤ አንገቴ ላይ አስሬ። ከኦሎምፒኩ በኋላ ያንን ስታድየም ግማሹን አፍርሰው የቤዝቦል ሜዳ አደረጉት፣ ተርነር ፊልድ ተባለ፣ እኔም ኃይሌ የሮጠበት ቦታ ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው በ1997 መጀመሪያ የገባሁት። እንዲህ ነው ቤዝቦል የገባኝ፣ በኃይሌ በኩል።

ያን ቀን የወረወረው ግሬግ ማደክስ ነው። ቁመቱ እንደኛ ነው። ደረቱም ሰፊ አይደለም። ኳሱ ፈጣን አይደለችም፣ 90 ማይል አትሞላም፣ እናንተ የምታወሩት 100 ማይል እሱ ዘንድ የለም። ከላይ ሶስተኛ ፎቅ ተቀምጬ ሳየው "ይሄ ነው እንዴ አራት አመት በተከታታይ ሳይ ያንግ የወሰደው?" ብዬ ነበር። መቺው ይመታል፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ትሄዳለች፣ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሶስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው) አንስቶ ይወረውራል፣ አውት። ደግሞ ይመታል፣ መሬት ለመሬት፣ አውት። ከሁለት ሰአት ትንሽ ቢያልፍ ነው ጨዋታው አለቀ። ገንዘቤን የተበላሁ መስሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ አለቃዬ የማይፈልገውን ትኬት ሰጠኝ፣ ከሆም ፕሌት (መቺው የሚቆምበት) ጀርባ፣ ከካቸሩ ትከሻ በላይ የሚታይበት ቦታ። ልጆች፣ እዛ ተቀምጣችሁ ካላያችሁት ማደክስን አላያችሁትም። ሁለት ኳስ ይወረውራል፣ ከእጁ ሲወጡ መንትያ ናቸው፣ አንዷ መሀል መንገድ ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፋለች፣ ሌላዋ ወደ ግራ። መቺው የመጀመሪያዋን አስታውሶ ሁለተኛዋን ይመታል፣ በባዶ። ካቸሩ ጓንቱን አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፣ አያንቀሳቅሰውም፣ ኳሷ ራሷ ትመጣለች። በ1997 ሲዝን 232 ኢኒንግ ወርውሮ በሙሉ አመቱ የሰጠው ዎክ 20 ብቻ ነበር። በዛው አመት ቺካጎ ላይ አንድ ሙሉ ጨዋታ ከ80 ባነሰ ኳስ ጨርሷል፣ የዛሬዎቹ 80 ሲደርሱ አራተኛ ኢኒንግ ላይ ናቸው። እኔ ማሽን እሰራ ነበርና፣ ልክ በልክ የሚሰራ ሰው ሳይ አውቃለሁ።

ስለ ራንዲ ጆንሰን ላላችሁት ደግሞ እኔም አንድ አለኝ። ሜይ 18 2004፣ እዛው ተርነር ፊልድ፣ አሪዞና ሆኖ መጣ። 40 አመቱ ነው። የኛን ቲም 27 ሰው አስገብቶ 27 ሰው አስወጣ፣ 13ቱን በስትራይክአውት። ማደክስ ያን ጊዜ ከኛ ሄዷል፣ ሰዉም እንደድሮው አይመጣም ነበር። ሰባተኛው ላይ የኛ ሰው ለሱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ አጠገቤ ያለው ወጣት "የማንን ነው የምትደግፉት?" ብሎ ተቆጣ። የመጨረሻዋ ኳስ 98 ማይል ነበረች። በ40 አመት፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ። በዛ እድሜ ፐርፌክት ጌም የወረወረ ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም የለም።

ስለዚህ @ዝናብ አንተ በ45 አመቱ፣ የሲያትሉ ልጅ በ32፣ እኔ በ40 አይተነዋል። ግን የኔ መልስ ማደክስ ነው።


ሚኪ_ዲሲ፦

ጋሼ ይሄን ያህል ጊዜ የት ነበሩ? ኃይሌንም ማደክስንም አንድ ሜዳ ላይ ያየ ሰው እኛ መሀል ቁጭ ብሎ ዝም ይላል?


ቁጥር31፦

ሁላችሁም እሺ፣ ግን ማክስ ሸርዘርን ሳታነሱ ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድነው? አንድ አይኑ ሰማያዊ አንዱ ቡናማ፣ ማውንዱ ላይ ሲዞር እያጉረመረመ እንደታሰረ አውሬ ነው፣ ማናጀሩ ሊያስወጣው ሲመጣ የሚያየው አስተያየት ራሱ ትኬቱን ያወጣል።

ጁን 20 2015፣ ቅዳሜ፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ ከፒትስበርግ ጋር (ምስኪኖች ሁሌ እዚህ ነው የሚጎዱት)። 26 ሰው ገባ 26 ሰው ወጣ። ዘጠነኛው፣ ሁለት አውት፣ ሁለት ስትራይክ። አንዲት ስትራይክ ብቻ ቀርታዋለች ለፐርፌክት ጌም። አርባ ሺህ ሰው ቆሞ ማንም አይተነፍስም፣ የማላውቃት ሴትዮ ክንዴን ጨብጣ ጥፍሯ ገብቷል። ሆሴ ታባታ የሚባለው መቺ ላይ ስላይደሩን ለቀቀ፣ ኳሷ ገብታ ክርኑን መታችው። መታችው! በኳስ የተመታ ሰው ቤዝ ይሄዳል፣ ፐርፌክቱ አለቀ። ክርኑን ዝቅ አድርጎ ኳሷን ጠበቃት ያልን ነበርን፣ ህጉ መቺው ለመሸሽ መሞከር አለበት ይላል፣ አምፓየሩ ግን ሂድ አለው። ያ ስታድየም ያሰማው "ቡ" እስከ ወንዙ ማዶ ሳይሰማ አይቀርም።

እኔ ታላቅ የምለው የሚቀጥለውን ነው። ሸርዘር አልተከራከረም፣ ኳሷን ተቀበለ፣ ማውንዱን በጫማው አስተካከለ፣ ለሚቀጥለው ሰው ወረወረ፣ ኳሷ ከፍ ብላ ሌፍት ፊልድ ላይ ተያዘች፣ ኖ-ሂተር (አንድም ሂት ያልተመታበት ጨዋታ)። ከዛ ጓደኞቹ ቸኮሌት ሲረፕ በጭንቅላቱ ላይ አፈሰሱበት። በሚቀጥለው አመት ሜይ 11 ደግሞ ድሮ በነበረበት ዲትሮይት ላይ በ9 ኢኒንግ 20 ስትራይክአውት፣ ከዛ በላይ ማንም አድርጎ አያውቅም፣ 119 ኳስ ወርውሮ 96ቱ ስትራይክ። እሱንም ገብቻለሁ። ግን የሚገርመው ሁለት ሆምራን ተመቶበት 3 ለ 2 ነው ያለቀው፣ ልባችን በአፋችን ሊወጣ ነበር። ሰውየው ስትራይክ ዞን ውስጥ ነው የሚወረውረው አይሸሽም፣ ስለማይሸሽም ይመታበታል። ማደክስ ይደብቃል፣ ራንዲ ያስፈራራል፣ ሸርዘር "ና ምታ" ነው የሚለው።

@ሚኪ ስትራስበርግን እኔም እወደዋለሁ ግን አንድ ማታ አንድ ማታ ነው።


ሚኪ_ዲሲ፦

ሃምበርም አንድ ቀን ነው፣ ሂድ ሲያትሉን ጠይቀው ረስቶት እንደሆነ።


ሲያትል_ዝናብ_ብርቁ_አይደለም፦

ስሙን አታንሱብኝ አልኩ እኮ


የማቲ_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም፣ እውነቱን ልናገርና ለኔ ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው ሱፍ እየበሉ ልጣጩን ሲተፉ ነው የሚመስለኝ፣ ይቅርታ። ግን ልጄ 10 አመቱ ነው፣ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ይጫወታል፣ ዘንድሮ ፒቸር አደረጉት፣ ቤት ውስጥ ሁሉ በካልሲ ኳስ እየሰራ ይወረውራል መስታወት ሰብሮብኛል። አንድ ትልቅ ጨዋታ ላሳየው ፈልጌ ነው፣ የት ብንቀመጥ ይሻላል? ደግሞ ከሶስት ሰአት በላይ ይፈጃል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ፣ በማግስቱ ትምህርት አለው።


ቁጥር31፦

እህቴ አትፍሪ፣ ከ2023 ጀምሮ ሰአት ገብቷል፣ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ፒቸሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ድሮ 3 ሰአት ያልፍ የነበረው አሁን በአማካይ 2 ሰአት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ቦታ ደግሞ ውድ አያስፈልግሽም፣ አንድ ሰአት ቀድማችሁ ግቡና ቡልፔኑ ጋ ቁሙ፣ ስታርተሩ ሲያሟሙቅ ከአጥሩ ማዶ በጥቂት ሜትር ርቀት ነው የምታዩት፣ ያንን ድምፅ ልጅሽ እዛ ይስማው። ብዙ ስታድየም ለቆመ ሰው አይከለክልም።


የድሮ_ሰው_አትላንታ፦

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልምከርሽ፣ ሽማግሌ ነኝና ታገሺኝ። የመጀመሪያ ልጄ ፒቸር ነበር። እጁ ጥሩ ነው ተባለ፣ እኔም ኮራሁ። ቅዳሜ ለአንዱ ቲም ይወረውራል፣ እሁድ ለሌላው፣ አሰልጣኙ "ያማል?" ሲለው ልጁ መውጣት ስለማይፈልግ "አያምም" ይላል፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር የለም፣ አሰልጣኙ ያውቃል ብዬ ነው። 15 አመቱ ላይ ክርኑ ሄደ፣ ጨዋታውንም ተወው። አሁን ሊትል ሊግ ህግ አለው፣ 9 እና 10 አመት ለሆነ ልጅ በቀን ከ75 ኳስ በላይ አይፈቀድም፣ እንደወረወረው ብዛትም የእረፍት ቀን አለው። ነገር ግን ህጉ የሚቆጥረው እዛ ያለውን ነው፣ ሌላ ቲም ውስጥ የወረወረውን ማንም አይቆጥርልሽም። አንቺ ቁጠሪ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ሲበዛ ተነሽና ተናገሪ፣ ቢያፍርብሽም ይፈርብሽ።

ስታድየም ስትሄዱ ደግሞ ኳሷን እንዳያይ፣ የካቸሩን ጓንት ይይ በይው። ጓንቱ ከተንቀሳቀሰ ፒቸሩ ስቷል ማለት ነው።


የማቲ_እናት፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ልጁ የሚጫወተው አንድ ቲም ብቻ ነው ግን ሌላም ጠይቀውት ነበር፣ እምቢ እላለሁ አሁን። ይሄን ሁሉ ሳነብለት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ እኔም ስለማላውቅ እናንተን ልጠይቅ፤ ያ ፌስታል ውስጥ የሚፅፈው ሽማግሌ ምንድነው የሚፅፈው?


ዝናብ_ላይ_የቀረ፦

ማቲ ጥሩ ጥያቄ ነው! ስኮርካርድ ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር አለው፣ እያንዳንዱ ኢኒንግ አንድ ሳጥን። ሜዳ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቁጥር አላቸው፣ ፒቸሩ 1 ነው፣ ካቸሩ 2፣ ፈርስት ቤዝ 3፣ ሾርትስቶፕ 6። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት መሬት ለመሬት ሄዳ ሾርትስቶፑ አንስቶ ፈርስት ቤዝ ከወረወራት 6-3 ብለህ ትፅፋለህ፣ የማደክስ ቀን ከሆነ ወረቀቱ በ6-3 ይሞላል። ስትራይክአውት ከሆነ ኬ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መቺው ሞክሮ ከሳተ ኬዋ ቀጥ ብላ ትፃፋለች፣ ሳይሞክር ቆሞ ስትራይክ ካየ ግን ፊቷን ወደ ኋላ አዙረህ ነው የምትፅፋት፣ በመስታወት እንደምትታየው።

ያን ቀን አዳም ደን ቆሞ ሲቀር እኔ እያጨበጨብኩ ወደ ሽማግሌው ዞር ስል አላጨበጨበም ነበር፣ ፌስታሉ ውስጥ አጎንብሶ የዞረችዋን ኬ ሊፅፍ ይታገላል። ወረቀቱ ረጥቦ እስክሪብቶው አልፅፍ አለው። ሱሪው ላይ ጠራረገው፣ እፍ አለበት፣ ሶስተኛው ላይ ፃፈለት።